አባትየው አውስትራሊያ ነው

ከሥራ ያሰናበተኝ አለቃ ሳይሆን ጉልበቴ ነው። አንድ ጠዋት አንሶላ ላነሣ ጎንበስ አልኩና ቀና ማለት አቃተኝ። ሁለት ታካሚዎች ግራና ቀኝ ይዘው አቀኑኝ። አንደኛዋ ማማ ኬጂ በጁባ ዓረብኛ "ካላስ፣ አንቺም አርጅተሻል" አለችኝ። ካላስ ማለት አበቃ ማለት ነው፤ እውነትም አበቃ። ሥራ አስኪያጃችን በስንብቴ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰርተፊኬት ሰጡኝ፤ "ለታካሚዎች ላሳየችው ትዕግሥት" ይላል። ታካሚዎቹ ለእኔ ያሳዩትን ትዕግሥት የሚመሰክር ሰርተፊኬት ግን ያተመ የለም። እሱን እኔው ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ስሜ ጽጌ ነው። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ የመጣሁት እንደ ብዙው አበሻ "ለሁለት ዓመት ብቻ" ብዬ ነው፤ ሁለቱ ዓመት እስካሁን አላለቀም። መጀመሪያ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ አንድ አበሻ በከፈተው ሆቴል ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ሆቴሉ ሲዘጋ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ፣ አትላባራ ሰፈር የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። ምግብ የምታበስል፣ የምታጥብ፣ መድኃኒት የምትሰጥ፣ አብራቸው የምትውልና የምታድር ሴት ይፈልጋሉ አለችኝ። እፈራለሁ አልኳት። የሆቴል ደንበኛ ያልፈራሽ ሌላ ምን ያስፈራሻል አለችኝ። በነጋታው ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ሸሚዙን የተኮሰ፣ መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ተቀምጦ ነበር። አማርኛዬን ሲሰማ ፊቱ በራ። ልጅነቱን ጋምቤላ ስደተኛ መጠለያ ውስጥ አሳልፎ፣ እዚያው ተምሮ፣ አገሩ ሲመለስ አስተማሪ የሆነ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። ወንበር ሰጠኝና ስለ ሥራ ልምዴ ጠየቀኝ። ስናደድ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። ሰው ምግብ አልበላም ቢለኝ ምን እንደምመልስ ጠየቀኝ፤ እኔም እያጎረስኩ አበላዋለሁ አልኩት። በመጨረሻ ተነሥቶ ጨበጠኝና፣ "እናመሰግናለን እህቴ። ትንሽ ትቸኩያለሽ። ሌሎችም አመልካቾች ስላሉ እንጠራሻለን" አለኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ማታ ስልክ ተደወለልኝ። የቤቱ ነርስ ሲስተር ኛሉዋክ ነበረች፤ ለምን ቀረሽ ትለኛለች። መጥቼ፣ ፈተናውን ወድቄ ተመለስኩ አልኳት። ማን ጣለሽ አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው አልኳት። ሥራ አስኪያጁ እኮ ለእረፍት ኡጋንዳ አገራቸው ናቸው አለችኝ። ከዚያ፣ መነጽር ያለው ረጅም ሰው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ስልኩ ውስጥ ሳቋ ብቻ ቀረ።

"ኡስታዝ ፒተር ነው፤ ታካሚያችን ነው" አለችኝ ሲወጣላት። ኡስታዝ በጁባ አስተማሪ ማለት ነው። "ለመሆኑ ምን ብሎ ጣለሽ?"

"ትቸኩያለሽ ብሎ።"

"እሱ ካለ እውነት ነው። ነገ ነይ፣ ቀስ ማለት አስተምርሻለሁ።"

ሲስተር ኛሉዋክም እንደ ኡስታዝ ኢትዮጵያ ያደገች ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በቁመት ግን እሷ ቆማ እኔ ወንበር ላይ ብወጣ ነው የምንተያየው። ስታስተምር አትናገርም፤ ታደርገዋለች፣ ማየት የእኔ ድርሻ ነው። ከታካሚ ፊት ለፊት አትቀመጥም። ወንበሯን ከጎኑ ታደርግና ሁለቱም ግቢው ውስጥ ያለውን የማንጎ ዛፍ እያዩ ያወራሉ። ፊት ለፊት የሚቀመጥ ዳኛና ፖሊስ ነው ትላለች። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ላላት ሰው "ምንም የለም" አትልም፤ "እኔም ሰምቻለሁ" ብላም አትዋሽም። "እኔ አልሰማሁም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ" ትላለች። ቁልፍ በእጇ እያንሿሿች አትሄድም። የሰው ክፍል አንኳኩታ "ግቢ" እስክትባል ትቆማለች፤ አንዳንዴ ቆማ ትውላለች።

መድኃኒት አሰጣጧ ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። ክኒን ምላስ ሥር ደብቆ ኋላ መትፋት የቆየ ብልሃት ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን "አፍህን ክፈት" ይባላል። ሲስተር ግን ክኒኑ እንደተዋጠ ቀልድ ትነግራቸዋለች። ሰው ሲስቅ አፉ ይከፈታል፤ አየች፣ አበቃ። ችግሩ የምታውቀው ቀልድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ጀልባ ላይ ስለወጣች ፍየል። ጠዋትና ማታ ያችኑ ፍየል ጀልባ ላይ እያወጣች ኖረች፤ ታካሚዎቹም እሷን ላለማስቀየም ይስቃሉ። ተራው የእኔ ሲሆን ቀልድ አላውቅም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የበለዓምን አህያ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ኡስታዝ ፒተር አዘነልኝ መሰለኝ፣ አፉን ራሱ ከፍቶ አሳየኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። አንድ ሰው ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲታገል፣ ሲስተር ልርዳው ልርዳው ሲላት ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ትከታቸዋለች። ቁልፉ እስኪገባ ታማኝ ጓደኛ ሆና ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ አበሻ ነኝ፤ ሰው ሲታገል ቆሜ ባይ ጌታ የሚጠይቀኝ ነው የሚመስለኝ። እጄ ሊቆርስ፣ ሊያጎርስ፣ ሊቆልፍ ሲወጣ ከኋላዬ "ጽጌ፣ ብብት" የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህችን ትምህርት ለመልመድ የፈጀብኝን ጊዜ ብናገር ሰርተፊኬቱን ይነጥቁኛል።

ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው፤ ሪፖርት መውደዳቸው ብቻ ነው ችግራቸው። ሳሙና ሲያልቅ እንኳ ሪፖርት ይጠይቃሉ። ደመወዛችን በአገሩ ፓውንድ ስለነበር ኮንዮ ኮንዮ እስክደርስ ቦዳቦዳው፣ የኪራይ ሞተሩ ላይ እያለሁ ዋጋው ይወድቅብኝ ነበር። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አልልም፤ ጁባ የኖረ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ኡስታዝ ፒተር ልመለስ። ሕመሙ የጀመረው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ሚስቱ ስትሞት ባሰበት። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ኛማል የምትባል። ታላቅ ወንድሙ ጄምስ ሁለቱንም ኮር ዊሊያም ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። ልጅቱን አሳደገ፤ ወንድሙን ጓሮ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ከውጭ ቆለፈበት። ጄምስ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። ምግቡን አንድ ቀን አላጓደለበትም፤ በሩን ግን አልከፈተም። ሲስተር ሰምታ፣ ሄዳ ለምና ነው ወደ እኛ ያመጣችው።

ትልቁ ውድቀታችን የደረሰው በአንድ የገና በዓል ነው። ኡስታዝ ደህና ስለሰነበተ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ይዋል ተባለ። ቤቱ በሙሉ ለዝግጅት ተነሣ። ከኮንዮ ኮንዮ እጅጌው ያጠረ ሱፍ ገዛንለት። ብቻህን አታውራ፣ ስለ ድሮው አታንሣ፣ ሕፃናት ሲያዩህ ፈገግ በል እያልን አስጠናነው። እሱም አስተማሪ ነውና "ፈተናው በጽሑፍ ነው በቃል?" ይለን ነበር። ሾፌራችን ታምራት፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ እንደ እኔው ጴንጤ የሆነ ሰው፣ በመኪና ወሰደው።

ታምራት ያየውን ነገረን። ቤተሰቡ ሁሉ እጁን ታጥቦ አንድ ላይ ሲቀርብ፣ ለኡስታዝ ለብቻው በቆርቆሮ ሳህን ተደርጎ ዛፍ ሥር ሄደለት። ሕፃናቱን "ወደዚያ አትሂዱ" ብለው ጠሯቸው። እሱ በላ፣ አመሰገነ፣ ፈገግም አለ። አንድም ስሕተት አልሠራም። ሲመለስ ሱፉን አውልቆ አጣጥፎ ሰጠኝና አልጋው ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልታጠብም፣ ክኒን አልውጥም፣ አልናገርም አለ፤ ዝናቡ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ታመመ። የፍየሏ ቀልድ እንኳ አፉን ማስከፈት አልቻለችም። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ያዘንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሲስተር ኛሉዋክ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ፈተናውን የሰጠነው ለተሳሳተ ሰው ነው" አለች። ከዚያ ጀምሮ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ኮር ዊሊያም ጄምስ ቤት እየሄደች ትቀመጥ ጀመር። ምክር የለም፣ ስብከት የለም፤ ትበላለች፣ ፍየሏን ጀልባ ላይ ታወጣለች፣ ትመለሳለች። ጄምስ ስለ ወንድሙ መጠየቅ እስኪጀምር ድረስ ብዙ እሁድ አለፈ።

ኡስታዝ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ ሸሚዙንም መተኮስ ጀመረ። አንድ እሁድ ግን ሲስተር ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ኛማል ልትዳር ነው። በእነሱ ባህል የሴት ልጅ ጋብቻ ሁለቱ ወገን ተቀምጠው ተነጋግረው የሚጨርሱት ነው፤ የልጅቱ አባት ከመካከል ይቀመጣል። የሙሽራው ወገን ደግሞ የቤተሰቡን ሕመም ሳያጣራ አይገባም። አባቷ አእምሮውን ይታመማል ቢባል ጋብቻው ይፈርሳል ብሎ ጄምስ ፈርቷል። ስለዚህ አባትየው አውስትራሊያ ነው አላቸው። ከጁባ ሰው ግማሹ አውስትራሊያ ዘመድ አለውና ማንም አልጠረጠረም። ኛማልም እኛ በር ስትገባ ሰው እንዳያያት ተብላ አባቷን መጠየቅ ተከለከለች።

ሲስተር ይህን ለኡስታዝ ሳትደብቅ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "አውስትራሊያ ይበርዳል ይላሉ፤ ካፖርት አላችሁ?" አለን። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም። በኋላ ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "እህት ጽጌ፣ የሙሽራውን ስም እንኳ የነገረኝ የለም" አለኝ። ጄምስ ለሲስተርም አልነገራትም ነበር። የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠሁትና አብረን አሰጣነው።

ረቡዕ የእኔና የታምራት የጾም ጸሎት ቀን ነው፤ ከቁርስ በኋላ ግቢው ውስጥ እንጸልያለን። ጴንጤ ሲጸልይ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው፤ እኛ በሹክሹክታ አንጸልይም። ታምራት በባዶ እግሩ ማንጎውን እየዞረ፣ እጁን እያወራጨ ይጮኻል። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የውኃውን በርሜል ተደግፌ አለቅሳለሁ። ሲበረታብን በልሳን እንናገራለን። ታካሚዎቹ ለምደውናል፤ ሻያቸውን ይዘው በረንዳ ላይ በጨዋ ደንብ ተቀምጠው እስኪለቀን ይጠብቁናል። የዚያን ዕለት የምንጸልየው ስለ ኡስታዝ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ በር ክፈትለት" እያልን ስንጮኽ የግቢው በር ተከፍቶ ሰው ገብቷል፤ እኛ አላየንም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችን ሲስተር ናት። የእሷ ቤተ ክርስቲያን በቀስታ የሚጸልይ ስለሆነ ማዕድ ቤት መስኮት አጠገብ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ የሰዎቹም ቋንቋ ቋንቋዋ ነው። የገቡት ሰው ምዜ ቹዎል ይባላሉ። ምዜ በጁባ ሽማግሌ ማለት ነው። በትራቸውን ይዘው ታምራትን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ። ኡስታዝ ከበረንዳው ወርዶ ተቀበላቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ በሥርዓት ጠየቃቸው፤ ወንበር አቀረበላቸው፤ ማማ ኬጂ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አመጣችላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ተረጋጉ።

"ሙዲር" አሉት፤ የቤቱ ኃላፊ መስሏቸዋል። "እነዚህ ሰዎች አይማቱም?"

"አይማቱም" አላቸው ኡስታዝ። "ረቡዕ ረቡዕ ይነሣባቸዋል። ፀሐይ ስትበረታ ይተዋቸዋል።"

"ሴትየዋ ታሳዝናለች።"

"እሷ እንኳን ተሽሏታል። መጀመሪያ ስትመጣ ያነጋገርኳት እኔ ነኝ፤ በጣም ትቸኩል ነበር። አሁን ወጥ ሁሉ ትሠራለች።"

ሲስተር ሳቋን ለማፈን ሽንኩርቱን ነከሰችው። ወዲያው ግን ምዜ ቹዎል የመጡበትን ጉዳይ አወጡ፣ የእሷም ሳቅ ቆመ። የወንድማቸው ልጅ ከኮር ዊሊያም ልጅ ሊያገባ ነው፤ አባቷ አውስትራሊያ ነው ተብለዋል፤ ገበያ ውስጥ የሰሙት ደግሞ አትላባራ ይህ ቤት ውስጥ አለ የሚል ነው። እውነቱን በዓይናቸው ሊያዩ መጥተዋል። ታምራትን በበትራቸው እየጠቆሙ፣ "የትኛው እንደሆነ አሳየኝ። ያ ከሆነ ግን ነገሩን እንተወዋለን" አሉት።

ሲስተር እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ወጥታ ማስረዳት ትችል ነበር፣ እኛን ዝም ማሰኘት ትችል ነበር። እንደነገረችን ከሆነ በዘመኗ ሁሉ እንደዚያ የከበዳት የለም። ኡስታዝ አባትየው በእርግጥ አውስትራሊያ ነው ቢል ሽማግሌው አምነው ይሄዱ ነበር፤ ልጅቱ ትዳራለች፣ እሱ ለዘላለም አውስትራሊያ ይቀራል። እኔ ነኝ ካለ ደግሞ ጋብቻው ሊፈርስ ይችላል፣ ያፈረሰውም እሱ ይሆናል። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ።

"ልታዩት ነው ወይስ ልታነጋግሩት?" አላቸው በመጨረሻ።

"ማነጋገር ከተቻለ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ። ሴት ልጁን ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ነው?"

"አያውቅም" አለ ኡስታዝ። "የነገረው የለም። ሙሽራው ማን ይባላል?"

"ጋትኩዎት።"

"ጋትኩዎት" አለ ቀስ ብሎ። "ምን ይሠራል? ይጠጣል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? እናቱ በሕይወት አሉ?"

ምዜ ቹዎል ቢሮ እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለው ሁሉንም መለሱ። መኪና ይጠግናል፤ በበዓል ብቻ ይጠጣል፤ ሲናደድ ወጥቶ ይራመዳል፤ እናቱ አሉ። አራተኛውን መልሰው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ኡስታዝን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"አንተ ነህ" አሉት።

"እኔ ነኝ። ታምሜ ነበር፣ አሁንም መድኃኒት እወስዳለሁ። የሚያስቸግሩኝ ቀኖች አሉ። አውስትራሊያን አላየኋትም።"

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሲወጡ በእኔና በታምራት በኩል ላለማለፍ አጥሩን ተከትለው ዞሩ። እኛ ዓይናችንን ስንገልጥ ግቢው ባዶ ነበር፤ ኡስታዝ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ "ጋትኩዎት፣ ጋትኩዎት" ይላል። ታምራት በሽታው ተመለሰበት ብሎ እንደገና ሊጸልይ ሲል ሲስተር በጊዜ ደረሰችለት።

በማግስቱ ጄምስ መጣ። ምዜ ቹዎል "አባትየው ሳይቀመጥ አንነጋገርም" ብለው ልከውበታል። ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ ሲስተር ግን ወንበሩን ከወንድሙ ጎን አደረገችለት። ማንጎውን እያዩ ተቀመጡ። የጀመረው ጄምስ ነው፤ ፈርቼ ነው አለ። ኡስታዝም አውቃለሁ አለው። ጄምስ ሲያለቅስ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሲስተር ዛሬ ሐሙስ ነው አለችኝ።

የንግግሩ ቀን ኮር ዊሊያም ሄድን። ሸራ ተወጥሮ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኡስታዝ ከመካከል ነው፣ ጄምስ ከቀኙ። እኔና ሲስተር ከሴቶቹ ጋር ዳር ያዝን፤ እሷ የሚባለውን በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ምዜ ቹዎል መናገር ጀምረው ሳለ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፣ ቃላቸው ተቋረጠ። ወደ ኡስታዝ ጠጋ ብለው፣ ያቺ ሴት የወጣችው በፈቃድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ለካ ኡስታዝ ያን ጊዜ የራሱን ብቻ ነው ያስተካከለው እንጂ እኔና ታምራት ሠራተኞች መሆናችንን አልነገራቸውም።

ልነሣና የቤቱ ሠራተኛ ነኝ ልል ስል ሲስተር ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። ኡስታዝ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከእኔ ጋር ናት። ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አለ። ምዜ ቹዎል ራሳቸውን ነቅንቀው ንግግራቸውን ቀጠሉ።

ብዙ ተነጋገሩ፤ ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ተኮራረፉ፣ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ አልቆ አባት ይናገር ሲባል ኡስታዝ ተነሣ። "ጋትኩዎት፣ ቁም ልይህ" አለ። ልጁ ቆመ። ኡስታዝ ሳይቸኩል ካየው በኋላ ወደ ኛማል ዞሮ አንዴ ጠየቃት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ አዎ አለች። "እኔ አባቷ ነኝ" አለ። "ሰጥቻለሁ።"

ይህን ጊዜ እኔ ራሴን መግዛት አልቻልኩም። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ ጌታን አመሰገንኩ። የሙሽራው ወገን በሙሉ ዞሮ አየኝ። ምዜ ቹዎል ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ኡስታዝ ፒተር ግን አልደነገጠም፤ የሽማግሌውን ክንድ ያዝ አድርጎ፣ "አይዞዎት፣ አሁን ይተዋታል" አላቸው። ጠባቂዬን እንዳላሳፍር ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በጨዋ ደንብ ተቀመጥኩ።